ከርግጫ በፊት አቋም፤ ስለ ኮሪያው ቴኳንዶ የመጀመሪያ ትምህርት

መቆም ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር መስሎ አይታይም። ሕፃን ልጅ ዓመት ገደማ ሲሞላው የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይቆማል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሣል፤ ጥቂት ሰንበት ብሎም ያለ ደጋፊ ይራመዳል። ከዚያች ቀን ወዲህ «እንዴት ነው የምትቆመው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እምብዛም አይገኝም። ተማሪው በሰልፍ ላይ፣ ጸሐፊው በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር፣ መንገደኛው በአውቶቡስ ፌርማታ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ቆሞ ይውላል።

ይሁን እንጂ ቴኳንዶ ለመማር ወደ ማሠልጠኛ አዳራሽ የገባ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ይህንኑ ዐውቀዋለሁ የሚለውን ነገር እንደ አዲስ በመማር ነው። በሲኒማ ያየው በአየር ላይ ተንሳፎ መራገጥን ነበር፤ የሚታዘዘው ግን ጉልበቱን ዐጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ በአንድ ቦታ እንዲቆም ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ይሰለቻሉ። «ገንዘቤን ከፍዬ የመጣሁት ለመቆም ነው ወይ?» ይላሉ። አንዳንዱ ጥቂት ቀን ታግሦ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ የአቋሙን ትምህርት በይድረስ ይድረስ አልፎ ወደ ርግጫው ይቸኩላል። የመጀመሪያው ሳይማር ቀረ ማለት ነው፤ የሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም መሠረቱ የተጣመመ ትምህርት ውሎ አድሮ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ ዕዳውን ያስከፍላል።

እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ይህ የመቆም ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣና ስለ ምን እንደሚቀድም ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተቻለን መጠን እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ስሙና ታሪኩ

በኮሪያ ቋንቋ «ቴ» በእግር መምታት፣ «ኳን» ጭብጥ ወይም በጭብጥ መምታት፣ «ዶ» ደግሞ መንገድ ማለት ነው። ስለዚህ ቴኳንዶ ሲተረጐም የእግርና የእጅ መንገድ እንደ ማለት ይሆናል። ሦስተኛይቱ ቃል ቀላል አይደለችም፤ ትምህርቱ መደባደቢያ ብቻ ሳይሆን ጠባይ ማረሚያም ነው የሚለው አሳብ ያደረው በእርስዋ ላይ ነውና።

ኮሪያ ከ1910 እስከ 1945 ድረስ በጃፓን አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ ጃፓን የተሻገሩ አንዳንድ የኮሪያ ወጣቶች ካራቴን ተማሩ። ካራቴም ራሱ ለዋናው ጃፓን እንግዳ ነበር፤ ከኦኪናዋ ደሴት መጥቶ በ1920ዎቹ ውስጥ የተስፋፋ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ የነበሩት ዎን ኩክ ሊ በ1944 በሴኡል ከተማ «ቹንግ ዶ ኳን» የተባለውን ማሠልጠኛ ከፈቱ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ሌሎች ማሠልጠኛዎች ተከታትለው ተቋቋሙ። ዛሬ የምናያቸው የቴኳንዶ መሠረታውያን አቋሞች ከካራቴ አቋሞች ጋር በብዙ የሚመሳሰሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ኮሪያውያን በበኩላቸው ቴክዮን የተባለውን የአገራቸውን ጥንታዊ የእግር ጨዋታና በጥንታዊው የጎጉርዮ መንግሥት መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉትን የትግል ሥዕሎች እያነሡ ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል ይላሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ክርክር ገና አላበቃም። ዕውቀት ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የተቀባዩን አገር መልክ መያዙ ግን የታወቀ ነው፤ ኮሪያውያን ለእግር የሰጡት ከፍ ያለ ስፍራ የተለየ ትምህርት አድርጎታል።

በዚህ ታሪክ መካከል የአገራችንም ስም ይነሣል። በ1950 የኮሪያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃን ላከች፤ የመጀመሪያው ጦርም በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአንድ መቶ ሃያ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በዚያ ሕይወታቸውን ሰጡ። ለመታሰቢያቸው የቆመው ሐውልት በቹንቾን ከተማ በ1968 ተመርቋል። ልብ የምንለው ነገር ቢኖር ቃኘው በኮረብቶቹ ላይ ሲዋጋ ቴኳንዶ የሚለው ስም ገና አለመሰጠቱን ነው። ስሙ የተመረጠው ተኩስ ካቆመ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1955 ሲሆን፣ ዋናው አሳብ አቅራቢም ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነበሩ። ከተማዋ የፈረሰባት፣ ሕዝብዋ የተራበባት አገር በዚያ ጊዜ ወጣቶችዋን እንዴት እንደሚቆሙ ታስተምር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ጄኔራል ቾይ በ1966 ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በሴኡል ኩኪዎን የተባለው ማእከል በ1972 ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1973 ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ። በሴኡልና በባርሴሎና ኦሎምፒኮች ለማሳያ ከቀረበ በኋላ ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ የሚያስገኝ ስፖርት ሆነ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይም ሰሎሞን ቱፋ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በዚህ ስፖርት ተሰልፏል። እንግዲህ ዛሬ ጀማሪው የሚያገኘው ትምህርት ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ ሥርዓት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ የአቋም ልኮቻቸው ጥቂት ይለያያሉ፤ መሠረተ አሳባቸው ግን አንድ ነው።

ኃይል ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው የቡጢ ኃይል ከክንድ የሚመነጭ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብርቱ ምት የሚጀምረው ከመሬት ነው። እግር መሬትን ይገፋል፤ መሬትም መልሳ ትገፋለች፤ ይህ ግፊት በባትና በጭን ዐልፎ ዳሌን ያዞራል፤ ከዳሌ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጭብጥ ይደርሳል። ከነዚህ መተላለፊያዎች አንዱ ከላላ፣ ለምሳሌ የኋላው ተረከዝ ካለ ጊዜው ከተነሣ ወይም ጉልበት ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ኃይሉ በመንገድ ላይ ይቀራል። በእርጥብ ሣር ላይ ቆሞ የተጣበቀ በር የገፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ በሩ ሳይሆን እግሩ ነው የሚንሸራተተው።

ሁለተኛው ነገር ሚዛን ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ከእምብርቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ነጥብ ላይ እንደ ተሰበሰበ ሊቈጠር ይችላል። ከዚህ ነጥብ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር ሁለቱ እግሮች በያዙት ስፍራ ውስጥ እስካረፈ ድረስ አይወድቅም። እግሩን ባራራቀ ቍጥር ስፍራው ይሰፋል፤ ጉልበቱን ባጠፈ ቍጥር ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ በዚህም ይበልጥ ይጸናል። በአውቶቡስ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሳያስበው እግሩን የሚያራርቀው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ጽናት በነጻ አይገኝም። በጣም ተራርቆና ዝቅ ብሎ የቆመ ሰው በፍጥነት ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ጠበብና ከፍ ብሎ የቆመ ደግሞ ፈጣን ቢሆንም በቀላሉ ይገፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቴኳንዶ አቋም ጽናትንና ፍጥነትን በተለያየ መጠን የሚያስማማ ውል ነው ለማለት ይቻላል። ተማሪው ብዙ ዐይነት አቋም የሚማረው ስለ ጌጥ ሳይሆን የትኛው ውል ለየትኛው ጊዜ እንደሚስማማ ለማወቅ ነው።

አቋሞቹ እያንዳንዳቸው

በኮሪያ ቋንቋ አቋም «ሰጊ» ይባላል። ልኩ በሜትር አይሰጥም። በኩኪዎን ሥርዓት የሚለካው በሠልጣኙ በራሱ የእግር ጫማ ርዝመትና በእርምጃው ነው፤ በኢንተርናሽናሉ ቤት ደግሞ በትከሻው ስፋት ነው። አባቶቻችን በስንዝርና በክንድ እንደሚለኩ ሁሉ እዚህም መለኪያው ሰውየው ራሱ ነው፤ አጭሩም ረጅሙም በየልኩ ይቆማል።

የመጀመሪያው የሰላምታ አቋም ነው። መምህሩ «ቻርየት!» ሲል ሠልጣኙ ተረከዙን ከተረከዙ ገጥሞ፣ እጁን በጐኑ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። «ጁንቢ!» ማለት ተዘጋጅ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ግራ እግሩን ወደ ጐን ያወጣል፤ ሁለቱ እግሮች አንድ የጫማ ርዝመት ያህል ተራርቀው ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ጭብጦቹም ከእምብርት በታች በሆድ ፊት ይያዛሉ። ይህ «ናራንሂ ሰጊ» ይባላል። ምንም ያልተሠራበት ይመስላል፤ ግን ትንፋሽ የሚረጋው፣ ከውጭ ይዘውት የመጡት አሳብ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው «አፕ ሰጊ» ነው። ሰው በመንገድ ሲሄድ ድንገት «ቁም!» ቢሉት የሚቆመው አቋቋም ነው። አንድ እግር በተራ እርምጃ ልክ ይቀድማል፤ ጉልበቶች ቀጥ ይላሉ፤ ክብደት በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ከፍ ያለና ቀላል ስለ ሆነ ለመንቀሳቀስ ይመቻል።

ሦስተኛው «አፕ ጉቢ» ሲሆን ረጅሙ የፊት አቋም ነው። እግሮቹ አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። የፊተኛው ጉልበት ቁልቁል ሲመለከቱት የእግሩን ጣቶች እስኪሸፍን ድረስ ይታጠፋል፤ የኋለኛው እግር ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ የኋለኛው ጫማ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ተረከዙ ግን ከመሬት አይለቅም። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ወደ ፊት ነው። እግሮቹ በአንድ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው በአንድ መስመር አይሰለፉም፤ በመካከላቸው ወደ ጐን ቢያንስ የአንድ ጭብጥ ስፋት ይቀራል፤ አለዚያ ከጐን የመጣ ትንሽ ግፊት ይጥላል። ይህ ወደ ፊት ገፍቶ የመምቻ አቋም ነው። በኢንተርናሽናሉ ቤት ይህን የሚመስለው ረጅም አቋም «ጉኑን ሶጊ»፣ ማለት የመራመጃ አቋም ይባላል፤ በዚያ ግን ክብደቱ ለሁለቱ እግሮች እኩል ይከፈላል።

አራተኛው «ድዊት ጉቢ»፣ የኋላ አቋም ነው። የፊተኛው ጫማ ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ጐን ዞሮ ማእዘን ይሠራሉ፤ ሁለቱም ጉልበቶች ይታጠፋሉ። ከመቶ 70 እጁ ክብደት በኋለኛው እግር ላይ፣ 30ው በፊተኛው ላይ ያርፋል። ባላጋራ ሲመጣ ሸሸት ብሎ ለመመከትና ባልከበደው የፊት እግር ፈጥኖ ለመርገጥ ይረዳል። በኢንተርናሽናሉ ቤት ይህንኑ የመሰለውን አቋም በኮሪያ ፊደል ስም «ኒእንጃ ሶጊ» ብለው ይጠሩታል። ኮሪያውያን እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 ለሕዝብ ያወጡት ነው። «ኒእን» የተባለው ፊደል ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስመር ስለ ሆነ የሠልጣኙ ጫማዎች በወለሉ ላይ ያንኑ ፊደል ይጽፋሉ።

አምስተኛው «ጁቹም ሰጊ» ነው፤ የፈረሰኛ አቋም ልንለው እንችላለን። እግሮቹ ሁለት የጫማ ርዝመት ያህል ወደ ጐን ይራራቃሉ፤ ጣቶቹ ወደ ፊት ያያሉ፤ ጉልበቶቹ ይታጠፋሉ፤ ጀርባ ግን ኮርቻ ላይ እንደ ተቀመጠ ጐበዝ ቀጥ ይላል። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ አቋም ነው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጭን ይቃጠላል፤ እግር ይንቀጠቀጣል። መምህሩም ከዚህ ላይ ሆኖ ቡጢ ያሰነዝራል፤ ምክንያቱም እግር በአንድ ቦታ ስለ ታሰረ ሠልጣኙ ዳሌውንና ትከሻውን ማስተባበር ይማራል።

ከነዚህ በላይ የሚመጡም አሉ። «በም ሰጊ»፣ የነብር አቋም፣ ክብደቱን ሁሉ ያህል በኋለኛው እግር አስቀምጦ የፊተኛውን ጣት ብቻ ያስነካል። «ሃክዳሪ ሰጊ» ደግሞ እንደ ሽመላ በአንድ እግር መቆም ነው፤ ይህ ከጥቍር ቀበቶ በኋላ በሚሠራው «ከምጋንግ» በተባለው የእንቅስቃሴ ድርሰት ውስጥ ይገኛል። ጀማሪው ግን በዚህ አይታወክ። በወርልድ ቴኳንዶ ሥርዓት የመጀመሪያው ድርሰት፣ ቴጉክ ኢል ጃንግ፣ 18 እንቅስቃሴዎች ሲኖሩት የሚሠራው በሁለት አቋሞች ብቻ ነው፤ በአፕ ሰጊና በአፕ ጉቢ። አንዱን ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ለይቶ መሥራት ለመጀመሪያው ፈተና በቂ ሥራ ነው።

አንድ ተገቢ ጥያቄ

አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። በኦሎምፒክ የሚወዳደሩት ሰዎች በፈረሰኛ አቋም ሲቆሙ አይታዩም፤ ከፍ ብለው፣ በጣታቸው እየነጠሩ፣ እንደ ኳስ ይንቀሳቀሳሉ፤ ታዲያ ማንም በውድድር የማይጠቀምበትን አቋም መማር ምን ይረባል?

ጥያቄው እውነት አለበት። ረጅሞቹና ዝቅተኞቹ አቋሞች እንዳሉ ለነጥብ ውድድር አይስማሙም፤ የውድድሩ ሕግ ፍጥነትን ስለሚሸልም ተወዳዳሪው ፍጥነትን ይመርጣል። ነገር ግን ተወዳዳሪው የሚራገጥበት አንድ እግር በምድር ላይ ነው። ያ እግር ጉልበቱን ከጣቶቹ ጋር አስተካክሎ፣ ዳሌውን ይዞ መቆምን ከወዴት ተማረ? በአቋም ትምህርት ነው። ልጅ ሆሄያትን ሲማር በትልልቁ፣ በዝግታና በመስመር ላይ ይጽፋል፤ አድጎ በፍጥነት ሲጽፍ እንደዚያ አይጽፍም፤ ሆኖም የእጁ ጽሑፍ የሚነበበው ያን ስለ ተማረ ነው። አቋምም እንዲሁ የሰውነት ፊደል ነው። ደግሞም ቴኳንዶ የሚማረው ሁሉ ለሜዳሊያ አይደለም። አብዛኛው ለጤናው፣ ለሰውነቱ ቅልጥፍናና ለመንፈሱ ጽናት ነው፤ ለእርሱ የጠነከረ ጭንና የቀና ጀርባ ከአየር ላይ ርግጫ ይልቅ ዕድሜ ልኩን ያገለግሉታል።

የተለመዱ ጉድለቶችና መድኃኒታቸው

በጀማሪዎች ዘንድ ዘወትር የሚታዩት ጉድለቶች አምስት ናቸው። አንደኛው፣ የታጠፈው ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቁ ነው፤ ጉልበት ምን ጊዜም ጣቶች ወደሚያዩበት ማየት አለበት፤ ይህን ያልጠበቀ መገጣጠሚያውን ይጐዳል። ሁለተኛው፣ በአፕ ጉቢ የኋለኛው ተረከዝ መነሣቱ ነው። ሦስተኛው፣ ደረት ወደ ፊት መድፋት ወይም መቀመጫን ወደ ኋላ ማውጣት ነው። አራተኛው፣ ዐይንን ወደ እግር መጣል ነው፤ ዐይን ሲወርድ ራስ ይከተላል፤ ራስ ሲወርድ ጀርባ ይጐብጣል። አምስተኛው፣ ትንፋሽን መያዝ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ቀኑን በጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚውል ተማሪ ወይም ጸሐፊ በቤቱ ዐሥር ደቂቃ ቢያገኝ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሰውነቱን ያሙቅ። ከዚያ በመስተዋት ወይም በመስኮት መስታወት ፊት በፈረሰኛ አቋም ግማሽ ደቂቃ ይቁም፤ ይረፍ፤ ሦስት ጊዜ ይድገም። ቀጥሎ በአፕ ጉቢ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይራመድ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆም ብሎ ጉልበቱን፣ ተረከዙን፣ ጀርባውን ይመርምር። ጓደኛ ካለው ትከሻውን ቀስ ብሎ እንዲገፋው ያድርግ፤ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ጉድለቱን ይነግረዋል። የጭን ጡንቻ መቃጠል የሥራ ምልክት ነው፤ አያስፈራም። የጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ማቆም፣ ለመምህሩ መንገር፣ ካልተወም ሐኪም ማየት ይገባል። «ጐበዝ አይታመምም» የሚለው ፉከራ በዚህ ቦታ አይሠራም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። በቋንቋችን አቋም የምንለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ የእግርንም አቀማመጥ፣ የሰውንም አሳብና ውሳኔ እንጠራበታለን። «አቋም የለውም» የተባለ ሰው የሚታማው በእግሩ አይደለም። ጭኑ እየተቃጠለ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ መምህሩ ጀርባውን ቢያዞርም እንኳ ጉልበቱን ሳያቃና የቆመ ወጣት ከእግሩ ጋር ሌላም ነገር እያስተካከለ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ነገሩን በትክክል ለሚመረምር ሰው ዕንቍላሉ ከመሄዱ በፊት መቆም ነበረበት። ቀበቶ ከሩቅ ይታያል፤ ቀለሙም ዓመት በዓመት ይለወጣል። አቋም ግን የሚታወቀው ሲገፉት ነው፤ ስለዚህም ለቀበቶው ሳይሆን ለአቋሙ የሚቸኩል ተማሪ ቢገኝ መምህሩ ዕድለኛ ነው እንላለን።